የቁልቁለት ማብሪያ አልታዘዝ ስትል

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ገጠር የሚጓዝ ባለመኪና፥ አስፋልቱን ለቅቆ ጥቂት እንደ ሄደ ቁልቁለት ሳያገኘው አይቀርም። በክረምት ጊዜ፥ ሕፃናትና እናታቸው ከኋላ ተቀምጠው ሳሉ፥ በጭቃው ላይ ፍሬን በደነገጠ እግር ቢረገጥ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለክቡራን አንባቢዎቻችን መንገር አያሻንም።

ስለዚህ በቅርብ ዘመን በተሠሩት በብዙ የገጠር መኪናዎች ላይ፥ ቁልቁለት የምትወርድ መኪና የተሣለባት ትንሽ ማብሪያ ትገኛለች። ፈረንጆች ሂል ዲሴንት ኮንትሮል ይሏታል፤ የቶዮታ ፋብሪካ ግን ዳውንሂል አሲስት ኮንትሮል ብሎ ሰይሟታል። ዘዴውን አስቀድሞ ለገበያ ያወጣው ላንድ ሮቨር ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ፍሪላንደር በተባለችው መኪና ነበር። ፍሪላንደር ለከባድ መንገድ የሚሆን ዝቅተኛ የጉልበት ማርሽ አልነበራትምና፥ ያንን ጉድለት በፍሬን ለመሙላት የታሰበ ነው።

ማብሪያዋ ራሷ ፍሬን አትይዝም፤ መልእክተኛ ብቻ ናት። ትእዛዙን ተቀብሎ ሥራውን የሚሠራው የኤ.ቢ.ኤስ. ኮምፒዩተር ነው፤ የየጎማውን ፍጥነት ከሚለኩት ሴንሰሮች ወሬ እየተቀበለ፥ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻው እየያዘና እየለቀቀ መኪናውን በዝግታ ያወርደዋል። እንግዲህ መሣሪያው ቢለግም፥ ጥፋቱ የመልእክተኛዋ ነው ወይስ የሌላ ብሎ መመርመር ይገባል። በችሎት ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈረድ ሁሉ፥ በማብሪያም ላይ እንዲሁ ነው።

በቡሬ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ክረምት ወደ ሰከላ ለክርስትና ሲሄዱ ማብሪያዋን ቢጫኑ ቢጫኑ መብራቷ አልበራ አለች። መኪናውን ያዩት ባለሙያ ኮምፒዩተሩ ካልተለወጠ አይሆንም ብለው ብዙ ገንዘብ ጠየቋቸው፤ የጋራዡን ስም አናነሣም። ነገሩን የፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። «ልጁ በማርሹ አጠገብ ሻይ ካፈሰሰ ወዲህ ይህች ነገር ስትጫን ትጣበቃለች እኮ» አሉ። ማብሪያዋ ተነቅላ ብትታይ በእርግጥም የስኳሩ ዝቃጭ ውስጧን አጣብቆት ተገኘ፤ በንጹሕ አልኮል ታጥባና ደርቃ ተመለሰች፤ እስከ ዛሬም ትሠራለች።

ምርመራው ከዳሽቦርዱ ይጀመራል። ከቁልቁለቷ መብራት ጋራ የኤ.ቢ.ኤስ. ወይም የመንሸራተት ማስጠንቀቂያ አብሮ ከበራ፥ ማብሪያዋን ትቶ ወደ ጎማዎቹ ማየት ይሻላል፤ በገጠራችን መንገድ ጭቃና ድንጋይ የሴንሰሩን ሽቦ ይበጥሳልና። በፍሬን ፔዳሉ ሥር ያለችው የኋላ መብራት ማብሪያም ስትበላሽ መሣሪያውን ሁሉ ልታስቆም ትችላለች፤ ይህችን ብዙ ሰው ይረሳታል። ሌላ ማስጠንቀቂያ ከሌለ ፊውዙ ይታይ። የመኪናው መጽሐፍም ይነበብ፤ አንዳንዱ መኪና ዝቅተኛው ማርሽ ካልገባ ወይም ፍጥነቱ ካልቀነሰ ትእዛዙን አይቀበልም፤ ይህም ብልሽት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ማብሪያዋ የሚደረሰው። ባለሙያው የምርመራ ኮምፒዩተር ካለው፥ ማብሪያዋ ስትጫንና ስትለቀቅ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቃል ይለወጥ እንደ ሆነ ይመልከት። ከተለወጠ ማብሪያዋ ነጻ ናት። ካልተለወጠ ሞተሩ ይጥፋ፤ ማብሪያዋ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቀስ ተብላ ትውጣ፤ ሶኬቷም ተነቅሎ በቴስተር ትለካ። በብዙዎቹ ዘንድ ስትጫን መሥመሩ ይገናኛል፤ ስትለቀቅ ይቋረጣል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ግን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ስለሚገባ ልኩን ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋራ ማስተያየት ነው። ማብሪያዋ ደኅና ከሆነች የሶኬቱ ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት ይዘው እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም እስከ ኮምፒዩተሩ ያለው ሽቦ ይታይ። ኮምፒዩተሩን መጠርጠር የመጨረሻው ነው፤ ዋጋውም ይህን ትዕግሥት ይገባዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ፥ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው ድልድይ ድረስ፥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደውም እንዲሁ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ረዥም አስፋልት ላይ በዚህች ማብሪያ ለመውረድ የሚሞክሩ አሉ። መሣሪያው የተሠራው ለአጭር፥ ለቀጥ ያለና ለሚያንሸራትት ቁልቁለት ነው። ረዥሙን በእርሱ ቢወርዱት ፍሬኑ ይግላል፤ በብዙዎቹ መኪናዎችም ሙቀቱ ሲበዛ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል፤ ባለቤቱም ማብሪያዋ ተበላሸች ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። ሲበርድ ተመልሶ ከሠራ ማብሪያዋን አይንኳት።

ማብሪያዋ እስክትበጅ ድረስ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ቆሞ ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት፥ ፍሬኑንም ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ ነው። ሻዩም በፔርሙዝ ተከድኖ ከኋላ ይቀመጥ።