ግጥም ሰጪው ታዳሚ

በምዕራብ ጎጃም አገር፣ ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ እስከ ቡሬና ከዚያም ባሻገር ባለው ገጠር፣ የሰው ደጃፍ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ዓይነት ድምፅ ሲያስተናግድ ኖሯል። ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ቤተሰቡም ከመኝታው ሳይነሣ፣ ላሊበሎች ከአጥር ውጭ ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያዜማሉ፤ ረፋድ ላይ ደበሎ የለበሰና አኩፋዳ ያነገበ የቅኔ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የዕለት ጉርሱን ይለምናል፤ ሲመሽ ደግሞ፣ ቤቱ የሰርግ ወይም የክርስትና ቤት የሆነ እንደ ሆነ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከደጃፉ አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እነዚህ ሦስቱ በክብርም በመዓርግም የማይተካከሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም በአንድ ዐይን የማትመለከታቸው ሲሆኑ፣ ቃልን ይዘው ወደ ሰው ቤት በመምጣታቸውና ዋጋቸውን ከዚያው ቤት በመቀበላቸው ግን አንድ ይሆናሉ።

ይህን ልማድ ዛሬ የሚያስታውሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዝኑት ለአዝማሪው ነው፤ ማሲንቆ መቺ እያነሰ ሄደ፣ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ቦታውን ወሰዱት ይላሉ። ኀዘናቸው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከጠፋው ነገር ግማሹን ብቻ የተመለከተ ይመስለኛል። በቤት ውስጥ፣ በጥቂት ሰዎች መካከል የሚዘፈነው ዘፈን ሁለት ደራስያን አሉት፤ አንደኛው ማሲንቆውን የያዘው ሲሆን ሁለተኛው ብርሌውን ወይም ዋንጫውን ይዞ የተቀመጠው እንግዳ ነው። አዝማሪው እንደ ምንም ብሎ ወደ ቴያትር ቤት፣ ወደ ሸክላ፣ ወደ ካሴት፣ ወደ ስልክም ተሻግሮ በሕይወት ቆይቷል። ተሻግሮ ያልመጣው፣ የሚሻገርበትም መንገድ ያልተበጀለት፣ ግጥም መስጠት የሚያውቀው ታዳሚ ነው።

ነገሩ ከመሣሪያው ይጀምራል። ማሲንቆ አንዲት አውታር ብቻ ያለችው፣ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ገላው ቆዳ የለበሰ፣ አውታሩም ደጋኑም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ነው። ከሰው ድምፅ እምብዛም አይበልጥም፤ ዘፋኙ ሲናገር ጎን ለጎን ይከተለዋል፣ ዘፋኙ ሲያርፍ ዜማውን ተቀብሎ ያሰፋዋል፣ ስለዚህም በሃያና በሠላሳ ሰው መካከል ሲመታ ከቃሉ አንዲት ፊደል እንኳ አይሸፍንም። ልብ ብሎ ላስተዋለው፣ ይህ መሣሪያ ለአንድ ክፍል ቤት ልክ ተሰፍሮ የተሠራ ይመስላል። የአዝማሪው ጥበብ ሁሉ በቃሉ ላይ ስለ ቆመ፣ ቃሉ ያልተሰማበት ቦታ ለእርሱ ባዶ ምድር ነው።

አዝማሪው እንደ ገባ አስቀድሞ የቤቱን ጌታና እመቤት ያወድሳል። ቀጥሎም እንግዶቹን አንድ በአንድ እየተመለከተ፣ የአንዱን አለባበስ፣ የሌላውን ዝምታ፣ ከሩቅ አገር የመጣውንም ድካም እያነሣ ሁለት ሁለት መስመር ያስርላቸዋል፤ አዝማሪዎች ሌላ ሰው የማይሰማው የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ ስላላቸው፣ ባልና ሚስት ሆነው የመጡ እንደ ሆነ ስለ ተጋባዡ ጠባይ በተጋባዡ ፊት ተመካክረው ያበቃሉ። ይህ ሁሉ ግን መግቢያ ነው። ዋናው ነገር የሚጀምረው ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ያለ ጊዜ ነው። አዝማሪው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል፤ እንግዳው ግጥሙን ያለ ዜማ ይነግረዋል፤ አዝማሪውም በዚያው ቅጽበት በዜማው ውስጥ ያስገባዋል፣ ልኩ የጎደለውን ያሟላል፣ ቤት ያልመታውን ያስመታል፣ ከዚያም ከራሱ አንድ መስመር ጨምሮ ወደ ጉባኤው ይመልሰዋል።

እንግዲህ ሁለት የተቀያየሙ ወንድማማቾች በአንድ ሰርግ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል እንበል። ታላቅየው «ተቀበል!» ይልና ዝናብ ስለ ዘገየበት ማሳ የሚናገር ሁለት መስመር ይሰጣል። ሰሙ የገበሬ ጭንቀት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ወርቁ ግን የወንድሙ ለዕርቅ መዘግየት መሆኑን በዚያ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። አዝማሪውም አውቆ፣ ፊቱን ወደ ታናሽየው አዙሮ፣ መጨረሻይቱን ቃል አስረዝሞ ይዘፍነዋል። ታናሽየውም በተራው «ተቀበል!» ካለ፣ ሽማግሌ ተልኮ ያላመጣውን ቃል ማሲንቆ አመጣው ማለት ነው። ይህ ግጥም ከዚያ ቤት ወጥቶ በሌላ ቤት ቢዘፈን ስለ ዝናብ የሚናገር ተራ ግጥም ይሆናል፤ ትርጓሜው ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ተሳስሮ የተሠራ ነውና። ሌላው ዓለም ዘፈንን ሲመዝን ግጥሙንና ዜማውን ይመዝናል፤ የቤት ዘፈን ግን ሦስተኛ ነገር አለው፤ እርሱም በቤቱ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ ነው።

ጎጃም በዚህ ነገር የበረታበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል። ከታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ በዚሁ ምድር የበቀሉ ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም የተጣመመውን ያቃናለታል፤ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ይደርሳል። በማኅሌት የተሰማ ቅኔ በማግስቱ አይደገምም፤ ለዕለቱ በዓል፣ ለዕለቱ ጉባኤ የተሰጠ መሥዋዕት ስለ ሆነ ነገ ሌላ አዲስ ይፈለጋል። አድማጩም ዝም ብሎ የሚቀበል አይደለም፤ ምሥጢሩ የገባው ሊቅ «ይበል!» ይላል፣ ያልጣመውም በዝምታው ይፈርዳል። አሁን ደግሞ ይህን ትምህርት ከጀመሩት ሁሉ መምህር እስከ መሆን የሚደርሱት ጥቂቶች እንደ ሆኑ እናስብ። የቀሩት ወደ እርሻቸው፣ ወደ ንግዳቸው፣ ወደ ትዳራቸው ተመልሰዋል፤ ሲመለሱም ቃልን በሁለት ወገን የመሳል ልማዳቸውን አብረው ይዘው ሄደዋል። በቡሬ ገበያ ዳር በጠጅ ቤት ተቀምጦ ለአዝማሪ ግጥም ይሰጥ የነበረው ሰው ብዙ ጊዜ ይህ በመንፈቅ የተማረ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ዘፈንን ስትነቅፍ ኖራለች፤ የነቀፈችውን ዘፈን በቃል ያበለጸገችው ግን እርሷው ራሷ ናት ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ላሊበሎች ከዚህ የተለየ፣ የበለጠም የሚያስደንቅ ሥርዓት አላቸው። ማዜማቸውን ቢተዉ ደዌ እንደሚይዛቸው የሚተርክ የቆየ እምነት በትከሻቸው ላይ አለ፤ ስለዚህም ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ እያላቸው እንኳ በተወሰነ ጊዜ ከቤታቸው ወጥተው በየደጁ ያዜማሉ። ከማዜማቸው በፊት ከጎረቤት የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ የቤቱን ደስታና ሐዘን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም በጨለማው ውስጥ፣ ፊታቸውን ተከናንበው፣ ስለዚያ ቤት ብቻ የሚናገር ዜማ ያሰማሉ። እንጀራ ወይም እህል ወይም ገንዘብ ሲሰጣቸው መርቀው ወደ ሚቀጥለው አጥር ያልፋሉ። ስሙን ከማያውቀው ሰው አፍ፣ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሣ የሰማ ባለቤት፣ ያን ዘፈን ለሌላ ሰው የተዘፈነ አድርጎ ሊቆጥረው አይችልም።

የቤት ዘፈን ኀይል ምን ያህል እንደ ነበረ ጠላት ሳይቀር መስክሯል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሽስቱ አስተዳዳሪ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ እርሱ ጠንቋዮችና ሟርተኞች፣ ከእነርሱም ጋር ተራኪ ዘፋኞች እየታሰሱ እንዲገደሉ አዝዞ ይህንኑ ለሮማ አስታውቋል፤ ምክንያቱም የኢጣልያ አገዛዝ ፍጻሜ ቀርቧል የሚለውን ወሬ በሕዝብ መካከል ይዘራሉ የሚል ነበር። አንዲት አውታር ያላትን መሣሪያ የያዘ ሰው መድፍና አውሮፕላን ለነበረው መንግሥት የሚያስፈራ የሆነው፣ ዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ስለሚሄድና በገባበትም ቤት ሁሉ ባለቤቱ የራሱን መስመር ስለሚጨምርበት ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ወሬ ከአንድ ምንጭ ማድረቅ አይቻልም። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በጎጃም በኩል ተመልሰው ቡሬን አልፈው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ፣ ይህ አገር አምስቱን የመከራ ዓመታት በሽለላና በቀረርቶ ሲነጋገር ቆይቶ ነበር።

ዘፈኑን ከቤት አውጥቶ ለማቆየት የተደረገውም ድካም ቀላል አይደለም፤ ላመሰግነው እንጂ ልነቅፈው አልነሣም። ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር በማሲንቆ ያሰማውን ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላ ትቶልናል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ለባህል ዘፋኞች መድረክ ሰጣቸው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ የግብፅ ተወላጁ ሐሊም ኤል ዳብህ የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆውንና ክራሩን፣ በገናውንና ዋሽንቱን በአንድነት አስቀመጣቸው። ካሣ ተሰማና አስናቀች ወርቁ አንዲት ክራር ይዘው የአንድ ሰው ድምፅና ቃል ብቻውን ምን ያህል እንደሚበቃ አሳዩን። ሆኖም ሸክላው ግጥሙን አጸናው፤ የጸና ግጥም ደግሞ ከእንግዲህ «ተቀበል!» የሚለውን ሰው አይጠብቅም። መድረኩም ታዳሚውን በጨለማ አስቀምጦ ማጨብጨብን ብቻ ተወለት።

በሌላውም ዓለም ዘፈንን ወደ ቤት የመመለስ ናፍቆት አለ። በቪየና ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820ዎቹ፣ ፍራንዝ ሹበርት አዳዲስ ዜማዎቹን በወዳጆቹ ቤት ያሰማ ነበር። በሶቪየት ኅብረት ቡላት ኦኩድዣቫና ጓደኞቹ ጊታራቸውን ይዘው በጠባብ መኖሪያ ቤቶች ይዘፍኑ ነበር፤ የዘፈኑትም በቴፕ ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። በለንደን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የተጀመረው ሶፋር ሳውንድስ ደግሞ ይህንኑ የቤት ዝግጅት በብዙ የዓለም ከተሞች አስፋፍቶታል። ሁሉም ደግ ሥራ ነው፤ ግን በእነዚህ ቤቶች የእንግዳ ሥርዓት ጸጥታ ነው፤ የሚመሰገነው ታዳሚ ያልተናገረው ነው። የእኛ ቤት ሕግ ግን ከዚህ በጣም ይርቃል፤ ሁሉም ዝም ያለበት ምሽት ለአዝማሪው የከሸፈ ምሽት ነው። ስለዚህ የውጭውን አብነት ተከትለን ወንበር ደርድረን፣ ትኬት ሸጠን፣ እንግዳውን ዝም አሰኝተን «የቤት ኮንሰርት» ብናደርግ፣ አዲስ ነገር እናገኝ ይሆናል፣ የነበረንን ግን አንመልሰውም።

ዛሬ በፍኖተ ሰላም ሆነ በአቅራቢያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሰርግ ዳስ ሲጣል ከድንኳኑ ጋር ጀነሬተርና የድምፅ ሣጥን አብሮ ይመጣል። አዝማሪው ተጠርቶ ቢመጣ እንኳ ማይክራፎን ይሰጠዋል፤ ድምፁ እስከ ማዶው ሰፈር ይሰማል፤ አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት «ተቀበል!» ቢሉ ግን እርሱ አይሰማቸውም። ይህን ስል አዝማሪው ከትልቅ ሰርግ የሚያገኘውን ገንዘብ እንዲያጣ እየተመኘሁ አይደለም። ለዘመናት በጥበቡ ሲያዝናናው የኖረው ሕዝብ ስሙን ስድብ አድርጎበት ኖሯል፤ ልጅ ለመዳር ሲሸሸው፣ በዕድርና በማኅበር ቦታ ሲነሣው ቆይቷል፤ ይህ በደል ነው፣ በደልም ተብሎ መጠራት አለበት። ከቤት ዘፈን ሥርዓት የምወደው ነገር ቢኖር በዚያች ሰዓት ይህ በደል የሚሻርበት ጎን ስላለው ነው፤ ባላባቱ ግጥም ሰጥቶ አዝማሪው ሲያቃናለት፣ ጌታ የነበረው ተማሪ፣ ሎሌ የነበረው መምህር ይሆናል።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ ያስተምራል፤ ታዳሚነትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን የለም። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ ፈንድቃ የተባለው አዝማሪ ቤት፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከተረከበው በኋላ የባህል ማዕከል ሆኖ ዓለም ያወቀው ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ነባሩን ቤት ለቀቀ። ለከተማ አንድ ቤት ማጣት ትልቅ ጉዳት ነው፤ በጎጃም ገጠር ግን የሚያንሰን ቤት አይደለም፤ ቤትስ ሞልቶናል፤ ያነሰን ግጥም ሰጪው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ የአማርኛ መምህራን፣ ግጥም ስትሰጥ የኖረች እናት ወይም ከቅኔ ቤት የተመለሰ አባት ያለው ቤተሰብ፣ ከሰርጉ ቀናት አንዲቱን፣ ይልቁንም ዘመድ ብቻ የሚቀርበትን የመልስ ምሽት፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ያድርጓት። የአዝማሪው ዋጋ አስቀድሞ ይቆረጥለት፤ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር ሽልማት እንጂ ደመወዝ አይሁን፤ መቀመጫውም ከእንግዶቹ ጋር ይሁን። ወጣቶቹ በመጀመሪያው ምሽት ያፍራሉ፣ ልኩን ያልጠበቀ ግጥምም ይሰጣሉ፤ እርሱን ማቃናት የአዝማሪው ሥራ ነው። ጊዜውም የታወቀ ነው፤ የነቢያት ጾም ተፈትቶ ገና ካለፈ በኋላ፣ አዝመራው ከጎተራ ገብቶ፣ ጥምቀትም ተከብሮ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሉት ሳምንታት የጎጃም ሰርግ በየመንደሩ አለ።