ያላዩትን መሣሪያ ማስተማር

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ቆመን «ኮምፒዩተር ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ። መልሱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ አንዲት ቃል እንኳ አልተዛነፈችም። እኛም ደስ ብሎን «ጎበዞች!» አልን። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ፕሮሰስ ማድረግ ማለት ግን ምን ማድረግ ነው?» ስትል ጠየቀች። ምን መለስንላት? ያንኑ ትርጓሜ እንደገና በሰሌዳ ላይ ጻፍንላት። ልጅቷም ቀድታ ዝም አለች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያልመለስንላት ስላላወቅን ነው። እኛም ይህን ትምህርት ያለፍነው በሽምደዳ ነው። ነገ ደግሞ ተመርቀን የምንመደበው ኮምፒዩተር በሌለበት፣ ምናልባትም መብራት ባልገባበት ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ያልገባንን ነገር፣ ልጁ አይቶት በማያውቀው መሣሪያ ስም ልናስቀዳው ነው ማለት ነው? ይህማ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» መሆኑ ነው።

የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ መሠረተ ሐሳቦች መሣሪያው ከመምጣቱ በፊትም ቢሆን፣ ልጁ በየቀኑ ከሚያየው ነገር ተነሥተን ልናስተምራቸው ይቻላል፤ ይገባልም።

እስቲ ሮስተርን እንመልከት። አንድ ተማሪ በሒሳብ 72 አገኘ ስንል ይህ ቁጥር ብቻውን ጥሬ ነገር ነው፤ ዳታ የሚባለው ይኸው ነው። የክፍል ኃላፊው የሁሉንም ትምህርት ውጤት ይሰበስባል፤ ይህ ኢንፑት ነው። ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ያወዳድራል፣ ደረጃ ያወጣል፤ ያች ልጅ የጠየቀችን ፕሮሰስ ማድረግ ይህ ነው። በመጨረሻ አማካይና ደረጃ በሪፖርት ካርድ ተጽፎ ለወላጅ ይደርሳል፤ ይህ አውትፑት ነው። ወላጅ ካርዱን አይቶ ልጁን ያበረታታል ወይም ያስጠናል፤ ስለዚህ ያ ጥሬ ቁጥር አሁን መረጃ ሆኗል። ሮስተሩ መዝገብ ቤት ገብቶ ለከርሞ ሲቀመጥ ደግሞ ስቶሬጅ አገኘን። ራም የሚባለውንስ? እሱማ ሰሌዳችን ነው፤ ሥራው እስኪያልቅ ይጻፍበታል፣ ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ በዳስተር ይጠፋል። ኮምፒዩተርም መብራት ሲጠፋበት ራሙ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሁ ይጠፋበታል።

ከዚሁ ሮስተር አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይገኛል። 72 የነበረው በስሕተት 27 ተብሎ ቢገባ፣ ድምሩ የቱንም ያህል በትክክል ቢሠራ የልጁ ደረጃ ይበላሻል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። የገባለትን ይዞ የታዘዘውን በፍጥነት ይሠራል እንጂ «ይህ ልጅ እንኳ 27 አያገኝም» ብሎ አይጠራጠርም። ይህን የተረዳ ልጅ ከማሽን የወጣ ነገር ሁሉ እውነት አይመስለውም።

ቁጥሩስ እንዴት ነው ማሽን ውስጥ የሚገባው? ለዚህም ልጆቹ ራሳቸው ይበቃሉ። ስምንት ተማሪዎች በረድፍ ይቀመጡ። የቆመ 1 ነው፣ የተቀመጠ 0 ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ቢት ይባላል፤ ስምንቱ አንድ ላይ ባይት ናቸው። ሁለትን ስምንት ጊዜ እርስ በርሱ ስናባዛ 256 ይሆናል፤ ስለዚህ ስምንቱ ልጆች በመቆምና በመቀመጥ 256 የተለያዩ ምልክቶችን ሊያሳዩን ይችላሉ።

ነገሩን ወደ ፊደላችን እናምጣው። በገበታው ላይ 33 ጊዜ 7፣ ማለት 231 ፊደላት አሉ። በ256 ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። ነገር ግን የላቲኑ ፊደል፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። በዚህም የተነሣ ቀደም ባለው ጊዜ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ለፊደሎቻችን በየፊናቸው የተለያየ ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግን ፊደላችን የታወቀ ቦታ አገኘ። ሀ 4608 ሆነች፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610። ይህንንም በክፍል ውስጥ መሥራት ይቻላል። 13 ተማሪዎች ከ1 ጀምሮ እጥፍ እጥፍ እያለ እስከ 4096 የሚደርስ ቁጥር በካርቶን ይዘው ይደርደሩ። 4096 እና 512 የያዙት ሁለቱ ብቻ ሲቆሙ ሀ ተጻፈች። 1 የያዘው ልጅ ሲጨመር ሁ ሆነች። ልጁ ከዚህ የሚማረው ላኪና ተቀባይ በአንድ ምልክት ካልተስማሙ መግባባት እንደሌለ ነው።

«ኮሙኒኬሽን» የሚለውም ቃል ቢሆን እንዲሁ ሊታለፍ አይገባም። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ገና አልተወለድንም ወይም ጨቅላዎች ነበርን፤ መምህሮቻችን ግን ያስታውሱታል። ላኪ ነበረ፣ መልእክት ነበረ፣ መተላለፊያው ነበረ፣ ተቀባይ ነበረ። ስርጭቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚደርስ ስለነበር ግን ያልገባው ተማሪ «ቆይ» ሊለው አይችልም። የጎደለው ከተቀባይ ወደ ላኪ የሚመለሰው መልስ ነው። እኛስ ያችን ልጅ በዚያው ትርጓሜ ስንመልሳት ከዚያ ስክሪን በምን ተሻልን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ያለ ኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ማስተማር ያለ ውኃ ዋና እንደ ማስተማር ነው» ይሉናል። ከፊሉ እውነት ነው። ጣት ኪቦርድ ሳይነካ አይለምድም፤ ፋይል መክፈትና ማስቀመጥም በወሬ አይለመድም። ስለዚህ መሣሪያው አያስፈልግም አንልም። ግን መሣሪያው እስኪመጣ ልጁ ሳይገባው መቀመጥ የለበትም። ሐሳቡን የያዘ ልጅ ኮምፒዩተሩ በመጣ ዕለት ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ሐሳቡን ያልያዘ ግን የት እንደሚጫን ብቻ ይሸመድዳል፤ ፕሮግራሙ ሲለወጥ ደግሞ እንደገና ይጨነቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን የቁጥር ካርቶኖችንና የሮስተር ናሙናዎችን አዘጋጅተን፣ ለሚቀጥለው ልምምድ ይዘናቸው እንድንወጣ መምህሮቻችን ይምሩን። ሁለተኛ፣ የተቋማችን ኮምፒዩተር ክፍል ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተቆልፎ ይውላል። ዕቃ ይበላሻል የሚለው ሥጋት ይገባናል። በተራ ተረኛ ሆነን፣ በፊርማ ተረክበን፣ በፊርማ እናስረክባለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈትልን። እኛ ሳንነካው ተመርቀን፣ ልጆቹም ሳያዩት ሊያልፉ ነው እንዴ?

ያች ልጅ ጥያቄዋን ጠይቃ ዝም ብላለች። ዝም ያለችው ግን ስለገባት አይደለም። በሚቀጥለው ልምምድ ወደዚያው ትምህርት ቤት ከተመደብን፣ መጀመሪያ የምንይዘው ሮስተሩን ነው።

ከሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች