ለባቡሩ እንከፍላለን፤ ስለ ባቡሩም እንጠይቅ

ከሞምባሳ ወደብ ዕቃ አውጥተን የምናውቅ ሁላችንም ዲክላራሲዮኑን ረጋ ብለን ብናነበው አንድ መስመር እናገኝበታለን፦ የባቡር ልማት ክፍያ። ኬንያ ይህን ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2013 ስትጀምር ልኩ ከዕቃው ዋጋ 1.5 በመቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፍም ዝቅም ብሏል። በመነሻው ልክ እንኳ ብናሰላው፣ የአንድ ሚሊዮን ሽልንግ ዕቃ 15,000 ሽልንግ ለባቡር ያዋጣል። ትራንዚተሩ ከሌላው ቀረጥ ጋር ደምሮ ስለሚያመጣልን ብዙዎቻችን ለይተን አይተነው አናውቅም። ከፍለን ዋጋችን ላይ እንጨምረዋለን፤ ደንበኛው ይከፍለናል፤ በዚያው ይረሳል።

ክፍያው የተጣለው ለአዲሱ ሰፊ ሐዲድ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ለጀመረው የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመርና ለተከታዮቹ ነው። እኛን በየቀኑ የሚነካን ግን የናይሮቢ ከተማ ባቡር ነው። የሱቅ ሠራተኞቻችን ከጊቱራይ፣ ከካሃዋ፣ ከሩይሩ ይመጣሉ። ዝናብ በጣለ ቀን የማታቱ ዋጋ እንዴት እንደሚሰቀል የሚያውቀው፣ ሱቁን በሰዓቱ መክፈት አቅቶት የቆመ ሰው ነው። ኢስሊ ራሷ የባቡር ጣቢያ የላትም፤ በባቡር የመጣ ሰው ማካዳራ ወይም መሀል ከተማ ወርዶ እንደገና ማታቱ መያዝ አለበት። እንዲያም ሆኖ የቲካ መንገድ ሲዘጋጋ ባቡር የያዘው ይቀድማል።

የተሠራውን አልተሠራም አንልም። የስዮኪማው ጣቢያ በ2012 በፕሬዚዳንት ኪባኪ ተመረቀ። በ2020 ከስፔን የተገዙ 11 ያገለገሉ የናፍጣ ባቡሮች መምጣት ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ አገልግሎቱን አስጀመሩ። ከሞምባሳ በባቡር የመጣ ነጋዴም ስዮኪማው ላይ ወደ ከተማ የሚወስደውን ባቡር ያገኛል፤ ሻንጣና ካርቶን ይዞ ከታክሲ ጋር መከራከር ቀረለት። ያገለገለ ዕቃ መግዛትም ነውር አይደለም፤ ግማሻችን ሳልባጅ ሸጠን ነው ልጅ ያሳደግነው። ግን ሳልባጅ የሚገዛ ነጋዴ ቦንዳውን ሳይፈታ አይከፍልም። የተገዙት ባቡሮች ዛሬ ስንቱ ይሠራሉ? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? አገልግሎቱ ጠዋትና ማታ ላይ የሚያተኩረው ባቡር አጥሮ ነው ወይስ ሰው አጥሮ? የምረቃ ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ አይጠፋም፤ ባቡር ሲቆም ግን የሚነግረን የለም።

ይህን ስንል አዲስ አበባን እያሰብን ነው። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ሁላችንም ደስ ብሎን ተሳፍረንበታል፤ 41 ባቡር፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ነበረው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ሕዝቡ ያወቀው በሪፖርት ሳይሆን ጣቢያ ላይ ቆሞ በመጠበቅ ነው። ኬንያም ብትሆን የሞምባሳውን መስመር የብድር ውል በከፊል ያሳየችው ባቡሩ ከተጀመረ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2022 የወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ኪፕቹምባ ሙርኮመን ሲያወጡት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 መንግሥት የያዘውን መረጃ የማግኘት መብት የሚሰጠው ለዜጋ ነው። የውጭ ዜጋ የሆነው አስመጪ ክፍያውን እንደ ዜጋው ይከፍላል፤ በዚህ ሕግ ግን መጠየቅ አይችልም። ይህ ቅር ቢያሰኘንም መንገድ የለም ማለት አይደለም። በ2016 የወጣው የመረጃ ሕግ በኬንያ ዜጎች ቁጥጥር ሥር ያለ የግል ድርጅትንም እንደ ዜጋ ይቆጥራል። ኬንያዊ ሸሪክ ይዘን ያቋቋምነው ኩባንያ፣ ቁጥጥሩ በእሱ እጅ ከሆነ፣ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። ዜግነት ያላቸው የትዳር አጋሮቻችንና ልጆቻችንም ይችላሉ። መሥሪያ ቤቱ በ21 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ አቤቱታው ለአስተዳደር ፍትሕ ኮሚሽን ይቀርባል።

«ነገር ፍለጋ ነው፣ ፈቃዳችንን ያበላሽብናል» የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ ይገባናል፤ በሰው አገር አንገት ደፍቶ መኖርን ሁላችንም ተምረናል። ግን የምንጠይቀው የማንንም ምስጢር አይደለም። ስንት ባቡር ይሠራል፣ ቀጣዩ ጣቢያ የትና መቼ ነው፣ ከምንከፍለው ውስጥ ለከተማው ባቡር የሚደርሰው ስንት ነው፤ ይኼው ነው። መልሱ በየሦስት ወሩ በየጣቢያው ቢለጠፍ ደብዳቤም ባላስፈለገ።

ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ መጻፍ አለበት። ኢስሊ ውስጥ ሁለቱንም ከእኛ አሳምረው የሚጽፉ ልጆች ያላሳደገ ቤት ጥቂት ነው። ዜግነት ያለው ይፈርም፤ የፖስታውንና የፎቶ ኮፒውን እኛ እንከፍላለን።