የድሬ ዳዋ አነስተኛ ነጋዴዎች፤ በቃል የቆመ ገበያና በጽሑፍ የሚፈርድ ሕግ

በባሕር ጠረፍና በደጋው አገር መካከል የተቆረቆሩ ከተሞች ኑሮ በሁለት ነገር ይጸናል። አንደኛው መንገድ ነው፤ ሁለተኛው እምነት ነው። መንገዱን መንግሥትና ኩባንያ ይሠሩታል፤ እምነቱን ግን ነጋዴው ከነጋዴ ጋር በየቀኑ ሲገበያይ ራሱ ይሠራዋል። መንገድ ሲመረቅ ሹማምንት ተሰብስበው ንግግር ያደርጋሉ፤ እምነት ሲመሠረት ግን ከሁለቱ ተዋዋዮች በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ ስለ ከተማ ንግድ በተጻፈ ቍጥር የመጀመሪያው በሰፊው ሲተረክ ሁለተኛው ይዘነጋል። ዛሬ ስለ ድሬ ዳዋ የምንጽፈው ይህን የተዘነጋውን ክፍል ለአስተዳዳሪዎችና ለነጋዴዎች ለማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ተራራው መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ በቆላው ሜዳ በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፥ በዚያ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ከዚያ በኋላ የኩባንያው ገንዘብ አለቀና ሥራው ቆመ፤ በ1908 አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ባቡር ያመጣው ሸቀጥ ሁሉ በድሬ ዳዋ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ዐረቡ፥ ሕንዱ፥ ግሪኩና አርመኑ በዚያ ሱቅ የከፈቱት፥ የአካባቢው ኦሮሞና ሱማሌ፥ ሐረሪውና አማራው በዚያ የተሰበሰቡት ጭነት የሚወርድበት ስፍራ ገበያ ስለሚፈጥር ነው።

ከተማዪቱም ከጥንት ጀምሮ በሁለት የተከፈለች ናት። በአንዱ ወገን ጣቢያው፥ የኩባንያው ቤቶችና ቀጥ ያሉት ባለ ዛፍ መንገዶች የሚገኙበት ከዚራ አለ፤ ከደቻቱ አሸዋ ባሻገር ደግሞ የቀፊራ ገበያ የሚገኝበት መጋላ አለ። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ሆኖ ይቆይና በክረምት በድንገት የሚሞላ ወንዝ ነው። በነሐሴ ወር 2006 ሌሊት ሞልቶ በወረደ ጊዜ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ አይዘነጋም። መዝገብና ደብዳቤ በከዚራ ሲጻፍ፥ በመጋላ ግን አብዛኛው ውል በቃል ይፈጸም ነበር። ይህ ልዩነት ዛሬም በመንፈሱ አልጠፋም።

የአነስተኛው ነጋዴ ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ እንመልከት። አስመጪው ለጅምላ ሻጩ ይሰጣል፤ ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው በዱቤ ያካፍላል፤ ቸርቻሪውም ለጎረቤቱ እስከ ደመወዝ ቀን ድረስ በዱቤ ይሸጣል። ባንክ ለብድር መያዣ ይፈልጋል፤ የቀፊራዋ ቅመም ሻጭ ግን ያላት መያዣ ስሟ ብቻ ነው። ስሟን የሚያውቁትም የዕቁብ ጓደኞቿ ናቸው። ስለዚህ ዕቁብ ለእርሷ የቁጠባ ሣጥን ብቻ ሳይሆን ባንክም፥ ዋስም፥ የንግድ ምክር ቤትም ነው። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት፥ ሌላውም ዕድር የሚለው ማኅበር ደግሞ ለሠርግና ለቀብር የተቋቋመ ይሁን እንጂ፥ ሰው ሲሰበሰብ ማን ሱቅ እንደ ዘጋ፥ ማን ዕዳ እንዳለበት፥ የማን ልጅ ከጅቡቲ ዕቃ ይዞ እንደ መጣ የሚነገረው በዚያው ነው። የከተማው ወሬ የምንለው ነገር ለነጋዴው ተራ ጨዋታ ሳይሆን የብድር መዝገብ ነው።

ወሬ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት የጫትን ንግድ መመልከት ይበቃል። ከሐረርጌ ደጋ የሚቆረጠው ጫት ከአወዳይ ገበያ ተነሥቶ በመኪና ወደ ጅቡቲና ወደ ሱማሌ ወገን ይጓዛል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ዋጋው ስለሚወድቅ ለክርክርና ለፊርማ ጊዜ የለም፤ ላኪው በቃል ይልካል፥ ተቀባዩም ሸጦ ገንዘቡን ይመልሳል። አንድ ጊዜ የካደ ሰው ዜናው ከመኪናው ቀድሞ ይደርስና ከነገ ጀምሮ የሚልክለት አያገኝም። እንግዲህ በዚህ ንግድ ላይ ያለው ዳኛ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ወሬ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ዛሬ በሦስት ወገን እየተፈተነ ይገኛል።

የመጀመሪያው ፈተና የገንዘብ ዋጋ ነው። ለምሳሌ 20 አባሎች ያሉት ዕቁብ በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥል፥ ዕጣ የደረሰው ሰው 10,000 ብር ይወስዳል። የመጀመሪያው ዕድለኛና የመጨረሻው ባለ ዕጣ በቍጥር እኩል ይወስዳሉ፤ በዕቃ ሲመነዘር ግን እኩል አይደሉም። በሐምሌ 2024 የኢትዮጵያ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አስቀድሞ 10,000 ብር 175 ዶላር ያህል የሚያወጣ ዕቃ ይገዛ ነበር፤ በኋላ ግን 100 ዶላር እንኳ አልሞላም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቁቡ መጨረሻ ላይ የሚደርሳቸው አባሎች ሳያውቁት ቀድመው ለወሰዱት ወለድ የከፈሉ ያህል ይሆናሉ። ቅሬታውም በዳኛው ላይ ይወድቃል፤ ጥፋቱ ግን የዳኛው አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና ሕግ ነው። በ1960 የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1725 የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በቍጥር 1922 ደግሞ ዋሱ የሚከፍለው ገንዘብ ከፍተኛው ልክ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። እንደዚሁም በቍጥር 2472 ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ተራው ነጋዴም ይህን ያህል በቃል አያበድርም ተብሎ መታሰቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ዛሬ ግን 500 ብር ለአንድ ሱቅ የአንድ ቀን ዱቤ እንኳ አይበቃም። ከዚህ የተነሣ በገበያው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የቃል ብድርና የቃል ዋስትና ከሕጉ መስመር ውጭ ቀርቷል። ባለዕዳው እስከታመነ ድረስ ጉዳት የለም፤ የካደ ቀን ግን ከሳሹ ምስክሮቹን ይዞ ችሎት ሲቀርብ ምስክርነታቸው ዋጋ እንደሌለው ይነገረዋል። ምስክሮቹ እውነተኞች ናቸው፥ ዳኛውም ትክክለኛ ናቸው፤ ገንዘቡ ግን ጠፍቷል።

ሦስተኛው ፈተና የመንገዱ መለወጥ ነው። የቀድሞው ባቡር ጣቢያ በከተማው ልብ ውስጥ ስለ ነበረ ዘንቢል የተሸከመች ሴት ከሠረገላ ወርዳ በእግሯ ገበያ ትደርስ ነበር። በባቡሩ ከሚመጣው ልብስና ሸቀጥ አንዳንዱ ቀረጥ ያልተከፈለበት እንደ ነበረ የጉምሩክ ሰዎች ያውቁታል፤ ቢሆንም ብዙ ቤተሰብ በዚያ ይተዳደር ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ከ2008 ገደማ ጀምሮ ቆመ፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውም ቀስ በቀስ ደከመ። በ2016 የተመረቀውና ከጥር 2018 ጀምሮ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የሰጠው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ያደረገው ከከተማው ውጭ ነው። ይህ ባቡር የሚሸከመው ኮንቴይነር ነው፤ ኮንቴይነርም ቸርቻሪን አያውቅም። በነሐሴ 2022 የተከፈተው የድሬ ዳዋ ነጻ የንግድ ቀጣናም ዕቃን ወደ አገር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያለ ቀረጥ ለማኖር የሚያስችል ትልቅ በር ነው። ጥያቄው በሩ የተሠራው በምን ያህል ቁመት ነው የሚል ነው። ለኮንቴይነር ብቻ የተሠራ ከሆነ የመጋላው ነጋዴ ከውጭ ቆሞ ባቡር ሲያልፍ ከማየት በቀር ሌላ ዕድል አይኖረውም።

ይህ ነገር ለቀይ ባሕር ዳርቻ አዲስ አይደለም። ከምጽዋ የተነሣው ሐዲድ አስመራ የደረሰው በ1911፥ ከረን የደረሰው በ1922 ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በጦርነት ምክንያት ባቡሩ ሲቆም በየጣቢያው ዙሪያ የነበረው ንግድ ተዳከመ። የምጽዋና የአስመራው መሥመር በጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች ጭምር ታድሶ በ2003 ሲከፈት የከረኑ ግን አልተመለሰም። ቢሆንም የከረን ገበያ አልጠፋም፤ ከቆላው ግመልና ፍየል፥ ከአንሰባ ዳር አትክልትና ፍራፍሬ የሚያመጣለት ገጠርና እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ነጋዴ ነበረውና። ከዚህ የምንማረው ባቡር ከተማን ሊወልድ ቢችልም አሳድጎ የሚያቆየው ግን የሰዎች መተዋወቅ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩላችን አራት ነገሮችን እናመለክታለን።

አንደኛ፤ የዕቁብ ዳኞችና ጸሐፊዎች የዋሱን ስምና ዋሱ የሚከፍለውን የገንዘብ ልክ የሚገልጽ አጭር ወረቀት በፊርማ እንዲይዙ ይሁን። ይህ ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በከተማው የሚነገሩትን ቋንቋዎች በሚያውቅ ሰው ተዘጋጅቶ በየቀበሌው ቢታደል ማዘጋጃ ቤቱን የሚያስወጣው ብዙ አይደለም። ጓደኛን ማስፈረም መጠራጠር ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ፊርማ የሚያስፈልገው ለታመነው ሰው ሳይሆን፥ የታመነው ሰው በሞተ ጊዜ ለሚመጡት ወራሾች ነው። በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብርና ሌላውም በስልክ የሚላክ ገንዘብ የክፍያ ምልክት ስለሚያስቀር፥ መዋጮውን በዚያ መክፈል ራሱ አንድ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፤ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚፈቅደው የ2019 አዋጅ ቍጥር 1147 ለቸርቻሪው ይነገረው። በዚህ አዋጅ መሠረት በመጋዘን ያለ ሸቀጥ ጭምር መያዣ ሊሆን ይችላል። ቤትና መኪና ለሌለው ነጋዴ ይህ ከፍ ያለ ጥቅም ነው፤ ሕግ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ስለ ታተመ ብቻ ገበያ ደረሰ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፤ ለየብቻቸው ኮንቴይነር መግዛት የማይችሉ ሠላሳና አርባ ቸርቻሪዎች በ2016 በወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ መሠረት ተሰብስበው አንድ ላይ እንዲገዙ፥ በነጻው ቀጣናም ጭነት በትንሹ የሚከፋፈልበት መጋዘን እንዲኖር ይታሰብበት። ለሳምንት መዋጮ የሚተማመኑ ሰዎች ለአንድ ጭነት መተማመን አያቅታቸውም። ቀረጥ ከፍሎ በርካሽ መግዛት የሚቻል ከሆነም ኮንትሮባንድን ለመቀነስ ከፍተሻ ኬላ ይልቅ ይህ ይረዳል።

አራተኛ፤ የገበያ ዜና በይፋ ይነገር። የደረሰው ጭነት፥ የወጣው ጨረታ፥ የዕለቱ የጅምላ ዋጋና አዲሱ የግብር ደንብ በቀፊራ በር ላይ በየጧቱ በግልጽ ቢለጠፍ፥ ዛሬ ደላላው ብቻ ይዞት የሚያተርፍበት ወሬ የሁሉ ይሆናል። ደላላ ይጥፋ ማለታችን አይደለም፤ የሚከፈለው ገዥና ሻጭን በማገናኘቱ እንጂ ዜና በመደበቁ እንዳይሆን ነው።

አንዳንድ ሹማምንት የመጋላውን ንግድ በመዝገብ ያልገባ፥ ግብር የማይጨበጥበት፥ ቀስ በቀስ የሚጠፋ ነገር አድርገው ይገምቱታል። ይህ አስተያየት ትክክል አይመስለንም። የባቡሩ ኩባንያ ሲከስር፥ ሐዲዱ ሲዝግ፥ ወንዙ ሞልቶ ሰፈር ሲጠርግ ከተማዪቱን ያልለቀቀው ይኸው ንግድ ነው። በሌላም ወገን ነጋዴው የአባቶቹ ቃል ይበቃኛል ብሎ ከወረቀት ቢሸሽ ተጎጂው ራሱ ነው፤ ዘመኑ ባዕድ ከባዕድ የሚገበያይበት ሆኗልና። አስተዳዳሪው ወደ ገበያው አንድ እርምጃ ቢወርድ፥ ነጋዴውም ወደ መዝገቡ አንድ እርምጃ ቢወጣ፥ በመካከል የሚገናኙበት ስፍራ ሩቅ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የድሬ ዳዋ ቸርቻሪዎች መቈጠርን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል፤ የቀረው ሎሚው የማን እንደሆነ በወረቀት ማስፈር ነው።