ስም ያስናቀው ዓሣ

ልጅ ሳላችሁ በማንኪያ የዓሣ ዘይት የተጋታችሁ ሽታውን የምትረሱት አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ ያ ዘይት የሚወጣው ኮድ ከሚባለው የባሕር ዓሣ ጉበት ነው። ኮድ ታዲያ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ የሚኖር አንድ ዘመድ አለው፤ በርቦት ይባላል። አገጩ ላይ አንዲት ጢም አለችው። (አምባዛን የምታውቁ፣ ያን ሁሉ ጢም ወደ አንድ ቀንሱት።)

በሰሜን አሜሪካ ያልተሰጠው ስም የለም። ሚኒሶታ ውስጥ ኢልፓውት ይሉታል። «ጠበቃ» የሚሉትም አሉ፤ ሙልጭልጭ ስለሆነ ነው አሉ፤ ጠበቆች ይቅርታ! በረዶ በስተው የሚያጠምዱ ሰዎች ለዓመታት እያወጡ እዚያው በረዶው ላይ ይጥሉት ነበር።

በ1920ዎቹ ጆሴፍ ሮዌል የተባለ የሚኒሶታ ዓሣ አጥማጅ፣ ለፀጉራቸው የሚያረባቸውን ቀበሮዎች ይህንኑ ዓሣ ይመግባቸው ጀመር። ቀበሮ ስም አይጠይቅም። ፀጉራቸው አማረ። ልጁ ቴድ ፋርማሲስት ነበርና ነገሩን ተከታተለው፤ የበርቦት ጉበት ለካ በቫይታሚን ኤ እና ዲ የበለጸገ ነው። ቴድ ከዚያ የጉበቱን ዘይት የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ የተናቀውን ስም አልደበቀም፤ «በርቦት» የሚለውን የድርጅቱ ስም መጀመሪያ ላይ አኖረው።

ዛሬ ይህን ዓሣ ለማስወደድ «የድሃ ሎብስተር» የሚሉት አሉ። እኔ ይህን ስም አልወደውም። ገዢውን «ዋናውን መግዛት አልቻልክም» እንደማለት ነው፤ የቀመሰውም ሰው ሎብስተር ፍለጋ ነው የሚቀምሰው። ፊንላንዶች ግን በራሱ ስም ማዴ ብለው፣ በክረምቱ ብርድ ሾርባውን ይጠብቁታል፤ እንቁላሉንም ከቂጣ ጋር ያቀርቡታል።

ይህን ስጽፍ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። ልጄ ምስር ወጥ አልበላም ስትለኝ «ልክ እንደ ሥጋ ወጥ ነው እኮ!» ብዬ አባበልኳት። አንዴ ጎርሳ «ታዲያ ሥጋው የታለ?» አለችኝ። አሁን ምስሩን ምስር ብቻ እለዋለሁ። ለጊዜው ሁለት ጉርሻ ላይ ደርሰናል።