ሽያጭ ትርፍ አይደለም

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው። ከፊቴ የቆሙት ሁለት ልጆች ስለ ውርርድ ያወራሉ። አንደኛው ስልኩን ለጓደኛው እያሳየ፣ «በሃያ ብር መቁረጥማ ድሮ ቀረ። አሁን በመቶ ነው የምቆርጠው። ገብቶኛል» አለ።

«ገብቶኛል» የምትለው ቃል ታክሲ ውስጥም አብራኝ ገባች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜም ይህችኑ ቃል ይላት ነበር። እሱም የገባው ገብቶት ከሃያ ወደ ሃምሳ ብር ከፍ አለ። ምን እንደገባው ስጠይቀው መልሱ አንድ ነበር፦ «1,400 በልቻለሁ እኮ!»

እስቲ ከድልድዩ ወደ መርካቶ ዝለቁና ምን አለሽ ተራ ያለ አንድ ነጋዴ ጠይቁ። ዛሬ 10,000 ብር ሸጥኩ ቢላችሁና እናንተ «10,000 አተረፍክ ማለት ነው» ብትሉት ይስቅባችኋል። የዕቃው መግዣ፣ የተሸካሚው፣ የኪራዩ፣ የግብሩ ሁሉ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈ ካለ እሱ ትርፍ ይባላል። መርካቶ ዳር ያደግን ልጆች ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። የውርርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስንደርስ ግን እንረሳዋለን። የበላነውን እንቆጥራለን፣ የተቃጠለውን ትኬት እንጥላለን።

በዚህ ጉዳይ ከማደንቃቸው ሰዎች መካከል በኢንተርኔት በትንሽ ገንዘብ የፖከር ውድድር የሚጫወቱ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ቁማር ነው፤ አልሸፋፍነውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ከ100 ዶላር ባነሰ መግቢያ በኢንተርኔት ተጫውቶ ላስ ቬጋስ ላለው የዓለም ውድድር አለፈ፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞም ወጣ። ከዚያ በኋላ ስንቱ «ገብቶኛል» እንዳለ ገምቱ። ከመሀላቸው ጠንቃቆቹ ግን ያደረጉት ሌላ ነው፤ ደብተር ያዙ። እያንዳንዷን የከፈሉትን መግቢያ፣ እያንዳንዷን የተከፈላቸውን ሳንቲም ጻፉ። ከዚያ «ካወጣሁት 100 ብር ስንት ተመለሰልኝ?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ያታልላል። ለምሳሌ አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 11 ብር ከፍለው ይጫወታሉ እንበል። አሥሩ ብር ለአሸናፊው ይጠራቀማል፣ አንዱ ብር የቤቱ ነው። አሸናፊው 100 ብር ይወስዳል። አሥሩም እኩል ችሎታ ካላቸው ሁሉም በጊዜ ብዛት ከሳሪ ናቸው፤ የቤቱ አንድ ብር ትበላቸዋለች። አሁን ከእነዚህ ከሳሪዎች አንዱ 100 ጊዜ ቢጫወትስ? ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ከመቶ ሰው ወደ ሠላሳ የሚጠጋው ከመቶ ጨዋታ በኋላም አትራፊ ሆኖ ይታያል! 1,000 ጊዜ ቢጫወቱ እንኳ ወደ አሥራ ሦስቱ አሁንም በትርፍ ላይ ናቸው። ችሎታ ኖሯቸው አይደለም፤ ዕድል ገና አልለቀቃቸውም።

ስለዚህ ጠንቃቃው ተጫዋች ሁለት ሳምንት ስለቀናው ብቻ መደብ አይጨምርም። በመቶዎች፣ ቢቻል በሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ ይጽፋል። ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት የአዲሱን ደረጃ መግቢያ መቶ እጥፍ ያህል ለብቻው ያስቀምጣል፤ ይህም ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከእናት መድኃኒት ጋር አይነካካም። ካልሆነለት ያለ እፍረት ወደ ታች ይወርዳል። የኛ ሰው መውጣቱን እንጂ መውረዱን አላየሁም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። ለምኜው የአሥር ሳምንት ትኬቶቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ። (መጀመሪያ «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ጋዜጣ ታደርጊዋለሽ!» ብሎኝ ነበር።) 160 ትኬት፤ 140ዎቹ ባለ ሃያ፣ 20ዎቹ ባለ ሃምሳ። የወጣው 3,800 ብር፣ የተመለሰው 2,660። ከከፈላት ከእያንዳንዷ መቶ ብር ሠላሳዋ የለችም። ያቺ ዝነኛዋ 1,400ም 1,400 አልነበረችም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ስለነበር እጁ የገባው 1,190 ነው። ያቺን አንዲት ትኬት ብናወጣት የተመለሰለት 1,470 ብቻ ይሆናል።

ወንድሜ ሞኝ አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ካሰበ በኋላ፣ «አንቺ ራስሽ መቶ ጨዋታ ምንም አያሳይም ብለሻል። እንግዲያው 160 ትኬትም ከሳሪ መሆኔን አያሳይም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ብቻውን አያሳይም። ግን አንድ ነገር ረሳ፦ ዕድሉ አይታወቅም፣ የቤቱ ድርሻ ግን አስቀድሞ ይታወቃል። በፖከር የምትበላው ካጠገብህ ካለው ተጫዋች ነው፤ ከእሱ ከበለጥክ የቤቱን ድርሻ ከፍለህ ሊተርፍህ ይችላል። በኳስ ውርርድ ግን ዋጋውን የሚተምነው ራሱ ቤቱ ነው። እኩል በእኩል የሆነ ግምት በሁለት እጥፍ ፈንታ በ1.90 ቢሸጥልህ ከመቶ ብርህ አምስቱ ገና ኳሱ ሳይመታ ሄዷል። አሥር እንደዚህ ያሉ ጨዋታዎች ብትደረድር ከመቶ ብርህ በአማካይ የሚጠበቀው 60 ብር ገደማ ነው። አሥሩም የመሳካታቸው ዕድል ከ1,024 አንድ ሲሆን የሚከፍልህ ግን 613 እጥፍ ነው። ግብር ሳይነካው ማለቴ ነው። እኛ ደግሞ የምንወደው ያንኑ ረጅሙን ትኬት ነው፤ «አንዷ ጨዋታ አቃጠለችኝ» እያልን ማዘን ስለምንችልበት ይሆን?

መደብ መጨመር እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ከሃያ ብር ስድስት ብር የሚያጣ ሰው ከመቶ ብር ሠላሳ ብር ያጣል። ይኸው ነው። በኪሳራ የሚሸጥ ነጋዴ ብዙ ስለሸጠ አትራፊ አይሆንም።

«ይዘጋ!» ብዬ መጮኽ አልፈልግም። አንዱ ሲዘጋ ስልክ ውስጥ ሌላው ይከፈታል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፈቃድ የሚሰጠው አካል የውርርድ ድርጅቶችን አንድ ነገር ያስገድድልን፦ ደንበኛው መለያውን በከፈተ ቁጥር እስከዛሬ ያስገባው ጠቅላላ ብርና የወሰደው ጠቅላላ ብር ጎን ለጎን በትልቁ ይታየው። ማሽኑ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው፤ ማሳየቱ አይከብድም። ባንክ እንኳ ሒሳባችንን ሲያሳየን ገቢውን ብቻ መርጦ አይደለም። ሁለተኛው ለእናንተ ነው፦ መደብ ከመጨመራችሁ በፊት ደብተር ግዙ። የተቃጠለችውንም ጻፏት፤ እሷ ነች እውነቱን የምትነግራችሁ።

ድልድዩ የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ነበሩ። አባ መላ በሚል ስምም ይታወቃሉ። በእሳቸው ድልድይ ላይ ቆመን መላ ምቱን መላ ማድረጋችን ትንሽ ያሳፍራል።

ወንድሜ አላቆመም፤ ቀነሰ እንጂ። ደብተሩ ግን አሁን በራሱ እጅ ጽሑፍ ነው የሚሞላው። ባለፈው ሳምንት «በሃምሳ ልቁረጥ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተሩን አቀበልኩት። ገለጥ ገለጥ አደረገና ዘጋው።