ሰዓት የማይዳኘው ክርክር

አሰላ ላይ ስለ ሯጭ መከራከር ቀላል ነው። የከተማችን ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 10,000 ሜትርን በ26:22.75 ጨረሰ፤ በ2005 የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ በ26:17.53 ገባ። ሰዓቱ ፈረደ፣ አበቃ።

የባንድ ተጫዋቾች ጉዳይ ሲነሳ ግን ከጭላሎ ተራራ ሥር ያለ ቡና ቤት ሁሉ ይጋጋላል። ከሮሃ ባንድ የሰላም ሥዩም ጊታር ይበልጣል ወይስ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ? ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በ«ኤርታሌ» አልበሙ ያመጣው የሮክ ጊታርስ ከእነሱ ጎን ይቆማል? ወጣቶቹ ይቆማል ይላሉ፤ አባቶቻቸው አይሰሟቸውም።

ይህ እትም ለዚህ ክርክር የተሰጠ ነው። ወገኔን አልደብቅም፦ የጣት ፍጥነት ብቻውን ችሎታ አይደለም። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እረ መላ መላ» አዳምጡ። ቤዙ አንዱን ሐረግ እየመላለሰ ድምፃዊውን ይሸከማል፤ አንድም ቦታ አይቸኩልም። እንዲህ ታግሶ መጫወት ለእኔ ከረጅም የጊታር ሶሎ ይከብዳል።

የካሴት ሽፋን በአብዛኛው የዘፋኙን ፎቶ እንጂ የተጫዋቹን ስም በጉልህ አያወጣም ነበር። አንባቢዎቻችን ግን ማን ምን እንደተጫወተ በጆሯቸው ለይተው ይሟገታሉ፤ ይህን ጆሮ እጅግ አከብራለሁ። ያልተስማማችሁ ጻፉልን፤ የምትሟገቱለትን ዘፈንና የተጫዋቹን ስም አትርሱ።